ስም የሌለው አዝራር

መልእክቷ የመጣችው በጥር፣ ማክሰኞ ለት፣
ዊኒፔግ ከብርዱ ጋር ጥርሷን ባፋጨችበት።
ሦስት መስመር ናት፤ ቁጣ የላት፣ የላት ልመና፦
«የጉዞ ገጹን የሠራው ሰው ማነው? ይምጣና
አንድ ቀን ከጎኔ ይቀመጥ። ሻይ አለኝ።»
ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፤ ስሟ ብቻ ከእኛ፦ ዓይናዲስ።
የሠራሁት እኔ ነኝ።

ሴልከርክ ጎዳና፣ ሦስተኛ ፎቅ። በሩን ገና ሳልነካ
«ጫማህን እዚያው አውልቅ» አለች። በረዶ መያዜን
እርምጃዬ አሳብቆብኝ ለካ።
ጠረጴዛዋ ላይ ላፕቶፕ፤ ስክሪኑ ጥቁር፣ አንዳች አያበራ።
ላበራው እጄን ስሰድ፣ «ተወው» አለች፣ «ለማን ይብራ?»

ብሮውዘሯ ሥዕል አያውቅም፤ ቃል ብቻ ነው ቀለቡ።
«ስም ያወጡለት» አለች፣ «ዓይኗ ጨለማ በሚበሳ
የዱር ድመት ነው። እኔን መቼ አሰቡ!»
ከዚያ ድምፁ ጀመረ፤ በቆርቆሮ ጣራ ላይ እንደሚወርድ በረዶ፣
ቃል ከቃል ተላትሞ፣ ተንጣጥቶ፣ ተዋልዶ።
እኔ አንዱንም አልያዝኩ፤ እሷ ግን መሐል ላይ ትስቃለች፤
«የበረዶ መጥረጊያ መኪና ሰርቀው ሄዱ፤ ዜናው ነው» ትለኛለች።

ሰምና ወርቅ የተማርነው ሰባተኛ ክፍል ነበር፤
ይህ ማሽን ሰም አቅላጭ ነው፤ ፎቶውን፣ ጥላውን፣
የሚንሸራተተውን ማስታወቂያ አንጥሮ ወርቁን ሊያስቀር።
ሰማያዊውን ለመምረጥ ሦስት ሳምንት ተሟግተናል፤
ተጨብጭቦልኛል በስብሰባ።
እነሆ የእኔ ገጽ ወደ እቶኑ ገባ፦

«ምስል። ምስል። ሊንክ፣ እዚህ ይጫኑ። ሊንክ፣ እዚህ ይጫኑ።
አዝራር። አዝራር። አዝራር።»
ሰሙ ቀለጠ፤ ወርቁ የለም።
ሻዬን አንስቼ ጠጣሁ፤ ትኩስ መሆኑም አልተሰማኝም።

«አሥራ አንድ ናቸው» አለች፣ «አዝራሮችህ፤ ቆጥሬያቸዋለሁ።
ሰባተኛው ‹ላክ› ነው ብዬ በልቤ ይዣለሁ።
በኅዳር አንድ ጨመርክ፤ ማን ይንገረኝ? ሰባተኛው ‹ሰርዝ› ሆነ።
ለሆስፒታል የያዝኩት መኪና በገዛ ጣቴ ባከነ፤
ሃምሳ ደቂቃ በር ላይ ቆምኩ፣ የሚመጣ መስሎኝ።
ከዚያ ወዲህ ነው ይህ ጣት፣» አሳየችኝ፣ «ጫፉ የደነዘዘኝ።»

ገጹ ደግሞ መግቢያው ላይ ዘብ አቁሟል፦
«ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ፤ የትራፊክ መብራት ያለበትን ይምረጡ» ይላል።
ጎረቤቷን ኦስታፕን ትጠራለች፣ ሰውነቷን እንዲመሰክርላት፤
እሱ የሌለ ቀን
ሰው አይደለችም፤ እስኪመጣ መጠበቅ ነው ያላት።

ማታውኑ ቢሮ ተመለስኩ። ኮዱን ከፈትኩ። በአንዱ መስመር ላይ
ባዶ ቦታ አለ፤ የስም ቦታ፤ ዓይን ያለው የማያይ።
ወንዱ በአርባ ቀን፣ ሴቷ በሰማንያ ክርስትና ስትነሣ
የእኔ አዝራር ሁለት ዓመት ስም አላገኘም፤ ከእጄ ሥር ተረሳ።
ላክ። ሰርዝ። ተመለስ። አንድ በአንድ አጠመቅኳቸው።
ለካስ አንድ ሰዓት ነበር ጠቅላላ ዋጋቸው።

በነጋታው ደወለች። ምስጋና ነው ብዬ አነሣሁ።
«ያ ከላይ ያለው ምስል፣» አለች፣
«‹የቀይ ወንዝ ድልድይ፣ ጀንበር ስትጠልቅ› ትላለህ፤
እኔ መኪና ልጠራ፣ ምን ታስጎበኘኛለህ?
ጌጥ ከሆነ ባዶውን ተወው። ዝም ይበል።»

ዝም አሰኘሁት።
ዘቡ ግን አሁንም አለ፤ «ለደኅንነት ነው» ይላሉ አለቆቼ፤
ሦስተኛው ደብዳቤዬ መልስ አላገኘም።
ማታ ማታ ስክሪኔን አጥፍቼ እለማመዳለሁ፤
በእሷ ፍጥነት ሩቡን እንኳ አልሰማም፤
«አዝራር» ሲል ብቻ
ጣቴን አቁሜ ስሙን እጠብቃለሁ።